ባንድሶው ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መብራት ሲሄድ ማሽኑን ማጥፋት የሚዘነጋ ሠራተኛ ሁልጊዜም አለ። ባንድሶው፣ ማለትም በሁለት መዘውሮች ላይ የሚዞር የቀለበት መጋዝ ያለው የእንጨት መቁረጫ ማሽን፣ ማብሪያው ላይ ኮንታክተር (በማግኔት የሚሠራ ማብሪያ) ያለው ለዚሁ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል፣ መብራት ሲመለስም ቁልፉ ዳግመኛ ካልተጫነ ማሽኑ አይነሣም። ኮንታክተሩ ሲበላሽ ግን በደሴም በኮምቦልቻም ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጠራል፣ "አዲስ ከምትገዙ በቀጥታ ላገናኘው" ይላል፣ ባለቤቱም ወጪ ቀረልኝ ብሎ ይስማማል። ከዚያ ወዲያ መብራት በመጣ ቁጥር ማሽኑ በራሱ ይነሣል።

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ እንጨት ቤት መብራት ጠፍቶ ሳለ አንድ ለማጅ የታችኛውን በር ከፍቶ መዘውሩ ላይ የተጋገረውን ሰጋቱራ በእጁ ይጠርግ ነበር። ብሩሽ ሊያነሣ ዞር ባለበት ቅጽበት መብራት መጣና መዘውሩ ዞረ። ባለቤቱ "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ እኔም አልኩ። በማግስቱ ስመለስ ማሽኑ ያለ ኮንታክተር በቀጥታ እንደተገናኘ እየሠራ ነበር! በሩ ሲከፈት ኃይል የምታቋርጠዋ ትንሿ ማብሪያም እንዳትሠራ በፕላስተር ታስራ ነበር። ሠራተኛ ቀጥራችሁ የምታሠሩ ባለቤቶች፣ ኮንታክተር መግዛት አያቅታችሁም። ግዙ። ፕላስተሩንም ዛሬውኑ ፍቱት።

ሽቦው ከተነካካ በኋላ የመጋዙን አዟዟር ሳይፈትሹ እንጨት ማስገባትም ሌላ ስህተት ነው። በሦስት ፌዝ (በሦስት የኃይል መስመር) የሚሠራ ሞተር ሁለት ሽቦ ከተቀያየረበት ወደ ኋላ ይዞራል። መጋዙ ወደ ጠረጴዛው ቁልቁል መውረድ አለበት፤ ሽቅብ ከሄደ እንጨቱን አንሥቶ ይጥለዋል።

የመጋዙን የላይኛ መከለያ ሰቅሎ መተው ጀማሪዎችን ሁሉ የሚያታልል ነገር ነው። "መስመሩ እንዲታየኝ ነው" ይሉኛል። ከእንጨቱ በላይ 6 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀር ብታወርዱትም መስመሩ ይታያል፤ ጣት ግን አይገባም። አብሮት የሚወርደው ኩሽኔታ መጋዙን ከቅርብ ስለሚደግፈው ቆረጣውም አይጣመምም።

የደሴ ጠዋት ብርድ እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ጓንት፣ ጋቢና የተንጠለጠለ ሻርፕ ማሽን አጠገብ አይደርሱም፤ ጓንት በመጋዙ ጥርስ ከተያዘ እጅን ጨምሮ ይጎትታል።

ክብ የባሕር ዛፍ እንጨት ያለ ማቀፊያ አትቁረጡ፤ መጋዙ ያሽከረክረዋል፣ እጃችሁም አብሮ ይሄዳል። ጣውላ ላይ የቪ ቅርጽ ያለው ቦይ አውጡና እዚያ ውስጥ አስተኙት።

የወንበር መደገፊያ ስትጠርቡ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው መጋዝ ከ64 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ባነሰ ኩርባ አይታጠፍም። በግድ አታዙሩት፤ ቀጭን መጋዝ ግጠሙ። ግማሽ መንገድ ላይ ከተያዘባችሁ እንጨቱን ወደ ኋላ አትሳቡ፤ መጋዙ ከመዘውሩ ይወልቃል። አጥፉና ሲቆም አውጡት።

መጋዝ ሲበጠስ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ያሰማል። ያን ጊዜ ማሽኑን አጥፍታችሁ ራቁ፤ መዘውሮቹ ሳይቆሙ በሩን አትክፈቱ።

ሞተሩ ከጠፋ በኋላም መዘውሩ ከባድ ስለሆነ መጋዙ ድምፅ ሳያሰማ መሄዱን ይቀጥላል። ብዙ ልጆች የሚቆረጡት ያን ጊዜ፣ ቁራጭ ሊያነሡ እጃቸውን ሲሰዱ ነው። የፍሬን ፔዳል ካለው ርገጡት፤ ከሌለው እስኪቆም ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ጠብቁ። መጋዙን በእንጨት ተጭናችሁ ለማቆም አትሞክሩ።