የትዕዛዝ መስመሩን ስታስወግዱ መመሪያውንም አጽዱ

ደሴ ላይ ለሱቆች የዕቃ መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ሶፍትዌር እንሠራለን። በቅርቡ የትዕዛዝ መስመሩን፣ ማለትም ተርሚናል ላይ ትዕዛዝ እየተጻፈ የሚሠራበትን ክፍል፣ አስወገድነው። ሪድሚውን (ከሶፍትዌሩ ጋር ያለውን የማብራሪያ ፋይል) አስተካክለን ጨረስን አልን። ከኮምቦልቻ አንዲት የሂሳብ ሠራተኛ ደወለች፦ «ወንድሜ፣ መመሪያው ላይ ያለውን ስጽፍ ‹ትዕዛዙ አልተገኘም› ይለኛል።» «አብሽሪ እህቴ፣ ጥፋቱ የእኛ ነው» አልኳት። የድሮው ትዕዛዝ የመጫኛ ገጹ ግርጌ ላይ ቀርቶ ነበር።

በዓይን ብቻ አትፈልጉ። የትዕዛዙን ስም በግሬፕ (ፋይሎች ውስጥ ቃል በሚፈልግ መሣሪያ) መላው ፎልደር ውስጥ ፈልጉት፤ የእገዛ ጽሑፎችና የስህተት መልእክቶችም ሳይቀሩ። ግሬፕ ፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ አያነብም፤ የስክሪን ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ክፈቱ።

ከሁሉ በላይ ግን ሰርዛችሁ ብቻ አትለፉ። በቦታው «ይህ ከስሪት 3.0 ጀምሮ ቀርቷል፤ አሁን ‹ፋይል› ከዚያ ‹ላክ› የሚለውን ይጫኑ» ብላችሁ ጻፉ። የድሮውን ትዕዛዝ ሌሊት ሌሊት በክሮን (በተያዘለት ሰዓት ትዕዛዝ በሚያስኬድ ፕሮግራም) ራሱ እንዲሠራ ያደረገ ሰው አለ። ለእሱ ምትክ ከሌላችሁ በግልጽ ንገሩት፤ የድሮውን ስሪት የት እንደሚያገኝም ጭምር። የድሮውን ገጽ ሊንክ ደግሞ ወደ አዲሱ ምሩት፤ ሰው ቴሌግራሙ ላይ አስቀምጦታል።