ጂፕሰሙ ከመዘጋቱ በፊት እንጨቱን ቁጠሩ

ድሬዳዋ ላይ ቤት ወይም ሱቅ በጂፕሰም ቦርድ ልትከፍሉ ከሆነ ይቺን ያዙ። ጂፕሰም ብቻውን ከባድ ነገር አይችልም። ቦይለር፣ ኤሲ፣ የኪችን ካቢኔት የሚሰቀልበት ቦታ ሁሉ ከቦርዱ ጀርባ ኮምፔንሳቶ (ተደራርቦ የተጣበቀ የእንጨት ሉህ) ወይም ሞራሌ (የተሰነጠቀ ወፍራም እንጨት) መግባት አለበት። «በፊሸር (ብሎን በሚገባበት የፕላስቲክ መሰኪያ) ይያዛል» የሚላችሁን አትስሙ። የ50 ሊትር ቦይለር ውሃው ብቻ 50 ኪሎ ነው።

ስሌቱ አይከብድም። በየግድግዳው ምን እንደሚሰቀል ቀድማችሁ ጻፉ። ለምሳሌ 3.60 ሜትር የሆነ የኪችን ግድግዳ እንውሰድ። ቦርዱ የሚታሰርባቸው ቋሚ ብረቶች በየ60 ሴንቲ ከቆሙ 6 ክፍተት አለ። የግድግዳ ካቢኔት ከላይም ከታችም ድጋፍ ስለሚፈልግ በየክፍተቱ ሁለት፣ ማለትም 12 ቁራጭ እንጨት ያስፈልጋል። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ አንድ ኮምፔንሳቶ በ30 ሴንቲ ስፋት ሲሰነጠቅ 4 ረድፍ ይወጣዋል። ከየረድፉ 4 ቁራጭ፣ በድምሩ 16። የተረፉት 4 ቲቪ ለሚሰቀልበት ቦታ ይሆናሉ። ብረቶቹ በየ40 ሴንቲ ከሆኑ ቁራጩ ይበዛል እንጂ የሚያልቀው እንጨት ያው ነው። የሚጨምረው ብሎኑና የአናጢው ሰዓት ነው።

18 ሚሊ ውፍረት ያለውን ግዙ፤ ስስ ኮምፔንሳቶ ብሎን አጥብቆ አይዝም። ምስጥ ያለበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ እንጨቱን ፀረ ምስጥ ቀቡት።

ኤሲ ዛሬ ባትገዙም ቦታውን አሁኑኑ አስደግፉት። የድሬ ግንቦት ሐሳባችሁን ያስቀይራችኋል። ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ እያንዳንዱን ግድግዳ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ የት እንደሚበሳ የሚነግራችሁ እሱ ነው።