ሽጉጥ በማይያዝበት፦ በደሴና በኮምቦልቻ መንገድ ራስን መከላከል

ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ መሣሪያውን ይዞ የማይገባበት በር ብዙ ነው፤ ባንክ አለ፣ ሆስፒታል አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ያለ ፈቃድ መያዝ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያስጠይቃል። ስለዚህ ሰኞ ገበያ ሸጦ ገንዘብ ይዞ የሚመለስ ነጋዴ፣ ለሱብሒ ወይም ለኪዳን በጨለማ የሚወጣ ሰው፣ ከማታ ፈረቃ የምትመለስ ሠራተኛ ሌላ መላ ያስፈልጋቸዋል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በአንድ ጥያቄ ይመዝኑት፦ መብራትና ሰው ካለበት እስኪደርሱ ጥቂት ሰከንድ ያስገኛል ወይ?

ሕጉን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን አያስቀጣም፤ ግን ጥቃቱ ሕገወጥ መሆን አለበት፣ እየተፈጸመ ያለ ወይም አሁኑኑ ሊፈጸም የተቃረበ መሆን አለበት፣ በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ከመጠን ያለፈ እንደሆነ አንቀጽ 79 ይመጣል፦ ቅጣቱ ይቀልላል፤ ያለፈው በድንጋጤ ወይም በፍርሃት ከሆነ ፍርድ ቤቱ ጨርሶ ሊያስቀረው ይችላል። ወደ መንገድ ሲወርድ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ሌባው ጀርባውን ሰጥቶ ከሮጠ በኋላ በዱላ የሚመታ ሰው ተከላካይ መሆኑ አብቅቷል።

በእጅ የሚያዘው ነገር

ጃንጥላ በአብዛኛው በር ላይ አይከለከልም፤ በደሴ ክረምት ደግሞ ማንም የሚይዘው ስለሆነ ዓይን አይስብም። የሚታጠፈው አጭር ጃንጥላ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መገጣጠሚያው ላይ ይሰበራል። ዘንጉ አንድ ወጥ የሆነ፣ ጫፉ ጠንካራ፣ ረጅሙን ይግዙ። አንድ እጅ መያዣው ላይ፣ ሌላው ዘንጉ መሃል ላይ ይሁንና በጫፉ ሆድን ወይም ከጎድን አጥንት በታች ይግፉ፣ ወዲያው ይመልሱት። እንደ ዱላ ማወናጨፍ ስህተት ነው፤ ጨርቁ አየር ይይዛል፣ ምቱ ይደክማል። አጥቂው ጫፉን ከያዘ ጉተታ ውስጥ አይግቡ፤ እሱ ሲስብ ወደ እሱ ገፍተው ይልቀቁትና ይሩጡ። ጃንጥላ ይገዛል።

ከዘራ ከጃንጥላ ይሻላል፣ በተለይ ለዕድሜ ባለጸጋ። ልኩ እንዲህ ነው፦ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ይቁሙ፣ እጅዎን ወደ ታች ይልቀቁ፣ መያዣው የእጅ አንጓዎ ላይ ይድረስ፤ ለአብዛኛው ሰው ከ85 እስከ 95 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ከዚያ የረዘመ በጠባብ ቅያስ ውስጥ ግድግዳ ይመታል። ወይራ ከሆነ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይበቃል። ጫፉ ላይ ጎማ ያስደርጉ፣ አለዚያ በዝናብ በራሰው የደሴ ድንጋይ ላይ ራስዎን ይጥልዎታል። የሚመታው ቅልጥም፣ ጭን፣ ወይም ስለት የያዘ እጅ ነው። ጭንቅላት አይመታም። ወይራ ጭንቅላት ላይ ካረፈ ሰው ይሞታል፤ ያኔ ስለ ተመጣጣኝነት የሚከራከሩት ከእስር ቤት ሆነው ነው።

የእጅ ባትሪ ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ እኛ ግን ለማታ ተጓዥ ከሁሉ በፊት የምንመርጠው እሱን ነው። ከ200 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) በላይ፣ ማብሪያው ቂጡ ላይ ያለ፣ በመዳፍ የሚያዝ ይሁን። በትከሻ ቁመት ይዘው ዓይኑ ላይ ያብሩ፣ ወዲያው ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ይቀይሩ፤ ብርሃኑ ሲጠፋ ባሉበት ካገኘዎት ጥቅም የለውም። የስልክ መብራት ይህን አይሠራም። ይበተናል፣ አያሳውርም፣ ከዚያም በላይ የሚፈለገውን ስልክ አውጥቶ ማሳየት ነው።

ፊሽካ ርካሽ ነው። ውስጡ ኳስ የሌለውን ይምረጡ፣ እርጥበት አያፍነውም። በጠንካራ ገመድ አንገት ላይ ማንጠልጠል ግን ለሚያንቅ ሰው ማነቂያ ማቀበል ስለሆነ ከቁልፍ ጋር በእጅ ይሁን።

ሴንጢ አንመክርም። በድንጋጤ የላበ እጅ ወደ ስለቱ ይንሸራተታል፣ ሰው ይቀማዎታል፣ ፍተሻ ላይ ያስይዛል፤ ክርክር የነበረውንም ጉዳይ ወደ ግድያ ይቀይረዋል። ሚጥሚጣ በኪስ የሚይዙም አሉ። ዱቄት ነፋስ ባለበት ተመልሶ የሚገባው በበታኙ ዓይን ነው፤ ቋጠሮውን ለመፍታትም ሁለት እጅ ይፈልጋል። የሚረጭ የበርበሬ ጋዝ ከመግዛትዎ በፊት ፖሊስ ጣቢያ ሄደው መያዙ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቁ።

ጋቢ የለበሰ ሰው መከላከያው በላዩ ነው። ስለት ካዩ ጋቢውን ግራ ክንድዎ ላይ ሦስት ዙር ጠምጥመው ጫፉን ያንጠልጥሉ፣ ክንዱን ከፊትዎ ያራቁ። መቁረጥን ይቀንሳል፤ ቀጥ ብሎ የሚወጋን ስለት ግን አያቆምም፣ ስለዚህ እያፈገፈጉ ነው።

ሀንግ

ሀንግ የሚባለው ከኋላ አንገት ማነቅ ማጅራት መቺ በዚህ ዘመን የሚወደው ዘዴ ነው። አንዱ ከኋላ መጥቶ አንገትን በክርኑ ማጠፊያ ይቆልፋል፣ ሌላው ኪስ ይበረብራል። የሚጨነቀው የጉሮሮ አየር ብቻ አይደለም፤ በአንገት ግራና ቀኝ ወደ አንጎል የሚወጡት የደም ሥሮችም ናቸው። ለዚህ ነው ሰው በ10 ሰከንድ ውስጥ ራሱን የሚስተው፣ ለማሰብ ጊዜ የማይኖረው። ቅደም ተከተሉን ከቤተሰብ ወይም ከጓደኛ ጋር ቀስ ብሎ መለማመድ ያስፈልጋል፤ ያነቀው ሰው መታ መታ ሲደረግ ወዲያው ይለቃል።

አንደኛ፣ አገጭ። ፊትዎን ወደ ክርኑ ማጠፊያ አዙረው አገጭዎን ወደ ደረትዎ ይቅበሩ። ማጠፊያው ጎድጓዳ ስለሆነ ጉሮሮ ትንሽ ይተነፍሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ወደ ላይ ቀና ብሎ አየር ይፈልጋል፣ አንገቱን ከፍቶ ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ ሁለቱም እጅዎ የሚያንቀውን ክንድ ከእጁ አንጓ አጠገብ ይዘው ወደ ደረትዎ ይጎትቱ። ክርኑ አጠገብ መጎተት ጉልበት ማባከን ነው። ጥፍርም አይጠቅም፣ በጃኬት ላይ ምንም አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ጉልበትዎን አጠፍ አድርገው ይውረዱ፣ ዳሌዎን ወደ ጎን ያውጡ። አንድ እጅ ክንዱን ሳይለቅ በሌላው መዳፍ ብሽሽቱን ይምቱ፣ በተረከዝ የእግሩን ጣት ይርገጡ። ክንዱ ሲላላ ወደ ክርኑ አቅጣጫ ዞረው በመውጣት ይሩጡ። ቦርሳዎን ከያዙ ይጣሉት፤ ሁለት እጅ ያስፈልግዎታል፣ ሁለተኛውም ሰው የሚፈልገው ቦርሳውን ነው።

ያነቁት ሰው ደህና ነኝ ቢልም ድምፁ ከሻከረ፣ ሲውጥ ካመመው፣ ራሱን ስቶ ከነበረ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይሂድ። የጉሮሮ እብጠት ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ከመነካት በፊት

የደሴ ሰፈር ከአስፋልቱ ተነስቶ በጦሳ ጎን ሽቅብ ይወጣል። የሚሮጥ ሰው ወደ ቁልቁለቱ ይሩጥ፤ ታች መንገድ፣ መብራትና ባጃጅ አለ። ሽቅብ ያለው ቅያስ አንዳንዱ ግቢ ላይ ያልቃል። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ስለሆነች ይህ አይሠራም፤ እዚያ አስቸጋሪው በፋብሪካና በሰፈር መካከል ያለው ጭር ያለ መንገድ ነው፣ በፈረቃ የሚወጡ ሰዎች በቡድን ቢሄዱ ይሻላል። ባጃጅ ሲይዙ የጎን ቁጥሩን ጮክ ብለው በስልክ ለቤት ይንገሩ፤ ሹፌሩ መስማቱ ነው ጥቅሙ። ከተሳፈሩ በኋላ ሌላ ሰው ልጫን ካለ በመብራት ስር ይውረዱ።

ሰዓት ወይም መንገድ የሚጠይቅ ሰው ሁለት ክንድ ያህል ይራቅ። መዳፍዎን ከፍተው በደረት ቁመት ይያዙ፣ «ወንድሜ፣ እዛው ሁን» ይበሉ። እጅዎ ከፍ ብሎ ዝግጁ ነው፣ አነጋገርዎ ግን ጠብ አይጭርም።

ለዘራፊ የሚሰጥ 200 ወይም 300 ብር ለብቻው ኪስ ውስጥ ይኑር። ስለት ከተመዘዘ ያንን ራቅ አድርገው ይጣሉ፣ በተቃራኒው ይሩጡ። ሲጮሁ «የሰው ያለህ! በሕግ አምላክ!» ይበሉ። «ሌባ!» የሚለው ጩኸት ሰው በፍጥነት ያወጣል፣ ግን ድንጋይ ይዞ ነው የሚወጣው፤ የተያዘውን ሰው ሕዝብ ሲቀጠቅጠው አብሮ መምታት ተበዳዩን ተከሳሽ ያደርጋል።

በማለዳ ከሌባ ይልቅ ውሻ ያጋጥማል። አይሩጡ፤ ድንጋይ የሚያነሱ መስለው ያጎንብሱ ወይም ጃንጥላውን ፊቱ ላይ ይክፈቱ። ከነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይጠቡና ለእብድ ውሻ ክትባት በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ።

ከተዘረፉ በኋላ

ስልክ ከሄደ ከሰው ስልክ 994 ደውለው ሲምዎን ያዘጉ፣ ለቴሌብር 127 ይደውሉ፤ ዘራፊው መጀመሪያ የሚሞክረው እሱን ነው። ዛሬውኑ *#06# ብለው የሚወጣውን 15 አኃዝ የስልክ መለያ ቁጥር ቤት ውስጥ ወረቀት ላይ ይጻፉት፣ ፖሊስ ይጠይቅዎታል። ተጎድተው ከሆነ ሳይታጠቡና ልብስ ሳይቀይሩ ጣቢያ ይሂዱ፤ ለሕክምና ማስረጃ ደብዳቤ የሚጽፍልዎት ፖሊስ ነው። ደም የሚፈስ ከሆነ ግን ሕክምናው ይቅደም። አጥቂውን መትተው ከነበረ እሱንም ራስዎ ይናገሩ፣ የት ቦታ፣ በምን፣ ስንቴ።