የእጅ ቁርጥማትና የቤት ሥራ፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መላው

እጁን የሚያመው ሰው ሕመሙን ሲናገር ብዙውን ጊዜ የሚጠራው ሥራውን ነው፤ «ልብስ ማጠብ አቃተኝ»፣ «ጀበና ከበደኝ» ይላል። ሥራውን ዘርዘር አድርጎ ለተመለከተው ግን ሕመሙ የሚነሳው ከአንዲት ቅጽበት ነው፤ ከምንቆነጥጥባት፣ ከምንጠመዝዝባት ወይም አጥብቀን ከምንጨብጥባት። ያቺን ቅጽበት ለይቶ ማውጣት ከተቻለ ሥራውን ሳይተዉ አያያዙን መቀየር ይቻላል። ከዚህ በታች የምጽፈው ደሴ ላይ እናቴን በቤት ሥራ ሳግዝ ያየሁትን ሐኪሞች ለእጅ ሕመምተኞች ከሚሰጡት ምክር ጋር አገናኝቼ ነው።

ጠዋት እጅ አልጨበጥ ሲል

በእኛ አካባቢ የመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ «ቁርጥማት» ወይም «ሪህ» ይባላል፤ ጥፋተኛውም ሁልጊዜ ብርድ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ንጋት ጣት ማደንዘዙ እውነት ነው። ይሁንና ብርዱ ያለውን ሕመም ያባብሳል እንጂ በሽታውን አይፈጥረውም፤ ሞቅ ወዳለው ኮምቦልቻ የወረደ ሰው እፎይ ቢልም የማይድነው ለዚህ ነው።

ምክንያቱን ለመለየት በመጀመሪያ ሰዓት መመልከት ይገባል። ጣቶቹ ከእንቅልፍ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚፍታቱ ከሆነ፣ በጣቶቹ ጫፍ አጠገብ ባሉት አንጓዎች ላይም ጠንካራ እብጥ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ ነገሩ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ አጥንት መሳሳት ነው። ግትርነቱ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ፣ ሁለቱንም እጅ በአንድነት የያዘ፣ ከመዳፍ ጋር የሚገናኙትንና የመሐለኞቹን የጣት አንጓዎች ለስለስና ሞቅ ባለ እብጠት የሞላ ከሆነ ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ሊሆን ይችላል። ይህኛው የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ የሚያጠቃበት በሽታ ስለሆነ አያያዝ በመቀየር ብቻ አይቆምም፤ ጣቶቹ ሳይጣመሙ መድኃኒት መጀመር አለበት። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት ቀልቶና ነዶ ትኩሳት ካስከተለ ደግሞ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዕለቱ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ለጠዋቱ ግትርነት የሚረዳው ለብ ያለ ውኃ ነው። እጅን በሳፋ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘፍዝፎ ጣቶችን ቀስ እያሉ መክፈትና መክደን ይጠቅማል። ለሱብሒ ሶላት የሚነሱ ሰዎች የማንቆርቆሪያውን ውኃ ለብ አድርገው ውዱእ ቢያደርጉ ሁለቱ ነገር በአንድ ጊዜ ይሟላል። ስኳር በሽታ ያለበትና እጁ የሚደነዝዘው ሰው የውኃውን ሙቀት በክርኑ ይፈትን። ከባድ ሥራም ለንጋት አይቀጠር፤ ፀሐይ ወጣ እስክትል ቢቆይ የሚጎድል ነገር የለም።

ጀበና ሲነሳ የአውራ ጣት ሥር ሲወጋ

ወሎ ውስጥ ይህን ችግር ቀለል አድርጎ ማለፍ አይቻልም፤ ቡና በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈላበት ቤት ብዙ አይደለምና። ጀበናው ሲነሳ ጆሮውን የሚይዙት አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ናቸው፤ በዚያ ላይ ሲቀዳ የእጅ አንጓ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ይታጠፋል። በጣቶች ጫፍ የተደረገ ቁንጠጣ በአውራ ጣት ሥር ባለው መገጣጠሚያ ላይ የሚያሳርፈው ጫና እስከ 12 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ ሙሉ ጀበና በሁለት ጣት ማንጠልጠል ለዚያች ትንሽ መገጣጠሚያ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

መላው እንዲህ ነው። ማቶቱን ከረከቦቱ ከፍ ባለ በማይነቃነቅ በርጩማ ላይ አድርጎ ጀበናውን እዚያ ማሳረፍ፣ ሲቀዱም ግራ እጅን በወፍራም እራፊ ጠቅልሎ ከሥሩ መደገፍ፤ ያን ጊዜ ክብደቱን መዳፍ ይሸከመዋል፤ የቀኝ እጅ ሥራ ማዘንበል ብቻ ይሆናል። ጀበናውን እስከ አንገቱ አለመሙላትም ይረዳል። እናቴ በመጀመሪያ «በሁለት እጅ የሚቀዳ ቡና የት ታይቶ!» ብላ አሻፈረኝ አለች፤ አንድ ቀን ግን በረካው ላይ ስትደርስ ጀበናው ከእጇ ሸርተት ብሎ ስኒዎቹን ካፈሰሰ በኋላ እራፊዋን ራሷ አዘጋጅታ ማስቀመጥ ጀመረች። ስኒውንም አንድ በአንድ በጣት ጫፍ ይዞ ከማደል በትሪ አድርጎ ማዞር ይሻላል። ሙቀጫና ዘነዘና ግን ለጣት አንጓ የማይበጁ ናቸው፤ እያንዳንዱ ምት እስከ አንጓው ይዘልቃል። ቡናውን ማስፈጨት ወይም ለቤቱ ልጅ መስጠት እንጂ ሌላ ዘዴ አላገኘሁለትም።

ልብስ ሲጨመቅ ጣትና አንጓ ሲያብጡ

ጠምዝዞ መጭመቅ ለታመመ እጅ ከቤት ሥራ ሁሉ የከፋው ነው ብዬ አምናለሁ። አጥብቆ መጨበጥንና መጠምዘዝን አንድ ላይ ይጠይቃል፤ ጣቶችንም ወደ ትንሿ ጣት አቅጣጫ ይገፋል። ሩማቶይድ አርትራይተስ ጣቶችን የሚያጣምመው ወደዚያው ወገን ስለሆነ ጠምዛዡ በገዛ እጁ በሽታውን እያገዘ ነው ማለት ይቻላል።

ለቀላል ልብስ መፍትሔው መጠምዘዝን ትቶ በሁለት መዳፍ መሐል ተጭኖ ውኃውን ማስወጣት ነው። ሸሚዝና ነጠላ ሳይጨመቁ ተሰቅለው ውኃቸውን ቢያንጠባጥቡ የደሴ ነፋስ ያደርቃቸዋል፤ ጎረቤት «ልብስ መጭመቅ እንኳ ተሳናት» እንዳይል ብሎ እጅን ማሳበጥ ዋጋ የለውም። ጋቢና ብርድ ልብስ ሲሆን በሰፊ ሳፋ ዘፍዝፎ በእግር መርገጥ፣ ካጠቡትም በኋላ በደረቅ ፎጣ ጠቅልሎ መልሶ በእግር መጫን ይቻላል። የግድ መጠምዘዝ ካለበት ጨርቁን በቋሚ እንጨት ላይ አዙሮ ሁለቱን ጫፍ በክንዶች ላይ ጠምጥሞ በመላ ሰውነት ወደ ኋላ መሳብ ነው፤ ጉልበቱ ከትከሻና ከወገብ ስለሚመጣ ጣቶች ያርፋሉ።

የውኃ ጀሪካን

ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ እጀታውም ቀጭን በመሆኑ ያ ሁሉ ክብደት በአራት ጣቶች ላይ ይወድቃል። በባለ 5 ሊትር ከፋፍሎ መቅዳት ምልልሱን ቢያበዛም ከመቸገር ያድናል። ትልቁን አንድ ጊዜ በሰው አስመጥቶ በድንጋይ መደብ ላይ ማስቀመጥና ቧንቧ ማስገጠም ግን ከሁሉ ይሻላል፤ ከዚያ በኋላ ማንሳትም ማዘንበልም የለም። ከሰኞ ገበያ ሲመለሱ የአስቤዛውን ዘንቢል በጣት አንጠልጥሎ ከመሄድ በክንድ ወይም በትከሻ ማዋል በዚሁ ምክንያት ይመረጣል።

ቢላዋ፣ ክዳንና ቁልፍ ሲያስቸግሩ

ቀጭን እጀታ እጅን አጥብቆ እንዲጨብጥ ያስገድደዋል፤ ወፈር ያለ እጀታ ግን ላላ ባለ ጭብጥ ይያዛል። ከጎሚስታ ቤት የወደቀ አሮጌ ካላማዳሪ በጣት ስፋት ቆርጦ በቢላዋ፣ በማማሰያና በመጥረጊያ እጀታ ላይ መጠምጠም ምንም ወጪ የለውም፤ አያንሸራትትምም። የጠርሙስና የዘይት ክዳን ላይ ያንኑ ጎማ ጣል አድርጎ በመዳፍ ተጭኖ ማዞር ይበቃል። በራሱ በቁልፉ እራስ ላይ ባለው ቀዳዳ አጭር እንጨት አስገብቶ ማሰር እንደ መዘውር ያገለግላል።

ምስር ለቀማ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ይሁንና አንድ ሰዓት ሙሉ መቆንጠጥ ነው። ጠጠሩን በጣት ጫፍ ከማንሳት በጣት ጎን ወደ ሰፌዱ ዳር መግፋት ይቻላል። የሰፌድ ስፌትና እንዝርት የሚወዱ እናቶች ደግሞ በየ15 ደቂቃው ወስፌውን አስቀምጠው ጣታቸውን ቢዘረጉ ሥራውን ጨርሶ ከመተው ይድናሉ። እንጀራ ጋገራ ላይ የሚከብዱት ማቡካቱና አክንባሎው ናቸው፤ ሊጡን በሁለት እጅ በሚያዝ ረዥም ማማሰያ ማቡካት፣ የአክንባሎውን መያዣ በጨርቅ ማወፈር፣ እንጀራውንም ሰፌዱን አስጠግቶ አንሸራትቶ ማውጣት ያቃልለዋል።

ሥራው ካለቀ በኋላም ሕመሙ ሲቆይ

ከሥራ በኋላ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚቆይ ሕመም ሥራው ከልክ በላይ እንደነበረ ይናገራል፤ በሚቀጥለው ቀን ያንኑ ሥራ ከፋፍሎ መሥራት ነው። ሌሊት አውራ፣ ጠቋሚና መሐል ጣት እየደነዘዙ የሚያነቁ ከሆነ ግን ምናልባት በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ይሆናል፤ ይህ ከመገጣጠሚያ ሕመም የተለየ ስለሆነ ለሐኪም በግልጽ መንገር ያሻል።

ያበጠና የሞቀ መገጣጠሚያ በወጌሻ ሲታሽ ይብሳል። የዲክሎፌናክ ቅባት ለእጅ መገጣጠሚያ ይረዳል፤ ወደ ደም የሚገባውም ከእንክብሉ በጣም ያነሰ ነው። እንክብሉን ወይም አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳያዝ ለወራት መዋጥ ግን ጨጓራን ሊያደማ፣ ኩላሊትን ሊጎዳና የደም ግፊትን ሊጨምር ይችላል፤ ሁለቱን ደርቦ መውሰድም አይገባም። ወደ ሐኪም ሲኬድ ግትርነቱ ጠዋት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሳምንት ያህል ጽፎ መያዝ፣ ያበጠ ዕለትም እጁን በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል፤ ቀጠሮው በሚደርስበት ቀን እብጠቱ ጎድሎ ሊገኝ ይችላልና።