ጭነት መጫኛ ቦታ ላይ መኪና የምታቆሙ፣ እስቲ እነዚህን ተዉ

ሐሙስ ጠዋት ጅማ መርካቶ መኪና ይዞ መግባት ምን እንደሆነ የገባበት ያውቀዋል። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ አይሱዙው፣ ተሸካሚው፣ ሁሉም በአንዲት መንገድ ነው። እዚያ መሃል ለመጫኛና ማውረጃ የተተወች ቦታ ብትገኝ ደግሞ የያዛት መኪና ብዙ ጊዜ የሚጭንም የሚያወርድም አይደለም።

ዋናው ስህተት "ሁለቱንም ፍሬቻ አብርቻለሁ" ማለት ነው። ፍሬቻ ሌላውን ሹፌር ተጠንቀቅ ይላል እንጂ ፈቃድ አይሰጥም። በቀደም ለሱቃችን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ቦታዋ ላይ አንዲት ቪትዝ ፍሬቻዋን እያብለጨለጨች ቆማለች፣ ሹፌሩ የለም። ለካ ማዶ ጀበና ቡና ጋ ተቀምጦ አቦሉን ጨርሶ ቶናውን እየጠበቀ ነው! አይሱዙው ከመንገዱ ማዶ ቆመ፣ ልጆቹ ኩንታሉን ተሸክመው በባጃጅ መሃል እየተሹለከለኩ ሲያሻግሩ አንዱ ጆንያ ተተረተረና ሽንኩርቱ አስፋልቱን ሞላው። የመጣው ባጃጅ ሁሉ እየዳጠው አለፈ። ሰውዬው በረካውን ጠጥቶ መጣና "አምስት ደቂቃ እኮ ነው" አለን።

ሌላው ሰሌዳን መመካት ነው። ሰማያዊው ኮድ 2 የቤት መኪና፣ አረንጓዴው ኮድ 3 የንግድ፣ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ግን አረንጓዴ ሰሌዳ መኪናው በምን ሥራ እንደተመዘገበ ነው የሚናገረው፣ አሁን የሚጭነው ነገር ስለመኖሩ አይደለም። ባዶውን ቆሞ ሥራ የሚጠብቅ አይሱዙ ከቪትዟ በምን ይሻላል?

በቤት መኪና ሁለት ኩንታል ጤፍ የምትጭኑ ደግሞ ምልክቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። "ለጭነት ተሽከርካሪ ብቻ" ካለ ጤፉ አያድናችሁም። ሰዓት ከተጻፈበትም ሰዓቱን እዩ።

ባጃጆች! "ሰው ጫንኩ" ስለምንል ሰው ጭነት ሆነ እንዴ? እዚያ ተሳፋሪ መጠበቅ አይቻልም፣ አለቀ።

አውርዶ ከጨረሱ በኋላ እዚያው ቆሞ ሒሳብ መተሳሰብም አለ። ነጋዴው ብር ሲቆጥር፣ ሲከራከር፣ ደረሰኝ ሲፈልግ ከኋላ ሁለት መኪና ይሰለፋል። ነቅላችሁ ውጡና ቦታ ፈልጋችሁ ተሳሰቡ።

"ተራ አስከባሪው ቁም ብሎኝ ነው" የሚለውም አያዋጣም። ብር የተቀበላችሁ ልጅ ትራፊክ ሲመጣ አታገኙትም፣ የሚቀጣውም የእናንተ መንጃ ፈቃድ ነው።

እኛ ባለሱቆችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ድንጋይ፣ ጀሪካን፣ አሮጌ ወንበር ደርድረን ቦታውን "የኛ" እናደርገዋለን። ቦታው ግን የሚጭንና የሚያወርድ ሁሉ ነው፣ የሱቁ በረንዳ አይደለም። እኔ ራሴ አንድ ያለቀ ጎማ ነበረኝ፣ ጠዋት ስከፍት አውጥቼ የማስቀምጠው፤ ከሽንኩርቱ ቀን በኋላ ማውጣቱን ትቻለሁ፣ ጎረቤቴ ግን ድንጋዩን እስካሁን አላነሳም።