ዳንስ ማስተማር ልትጀምሩ ነው? መጀመሪያ እናንተ መደነስ ቀንሱ

ጎበዝ ዳንሰኛ ናችሁ። ሰው ሁሉ «ለምን አታስተምሩም?» ሲላችሁ ከርሞ በመጨረሻ እሺ ብላችኋል። ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ከአሁኑ እወቁ፤ ጎበዝ መሆናችሁ ለማስተማር ያን ያህል አይጠቅማችሁም። አንዳንዴ እንዲያውም እንቅፋት ነው። እግራችሁ ሳታስቡት የሚሠራውን ነገር ተማሪው «እንዴት ነው ያደረጋችሁት?» ሲላችሁ «እንዲህ ነዋ» ብላችሁ ደግማችሁ ከመደነስ ውጪ መልስ ታጣላችሁ።

የመጀመሪያ ክላሴን አልረሳውም። ለ60 ደቂቃ ክላስ አንድ ሙሉ ሙዚቃ የሚሸፍን ኮሪዮግራፊ (አስቀድሞ የተቀናበረ ዳንስ) ይዤ ገባሁ። መስታወቱ ፊት ቆሜ፣ ለተማሪዎቹ ጀርባዬን ሰጥቼ፣ «ተከተሉኝ» እያልኩ ደነስኩ። ላብ በላብ ሆንኩ፣ ደስ ብሎኛል። በመሃል ዞር ስል ግማሹ ሰው ቆሟል፣ አንዷ ስልኳን ትነካካለች፣ ኋላ ያሉት እርስ በርስ ይተያያሉ። መስታወት ፊቴ ተገትሮ እንዴት ሳላያቸው ቀረሁ? ራሴን እያየሁ ነበራ!

ስለዚህ ከቻላችሁ ብቻችሁን ከመጀመራችሁ በፊት ልምድ ላለው አስተማሪ ለጥቂት ወራት ረዳት ሁኑ። ዳንሱን ለመማር አይደለም። የት እንደሚቆም፣ ሙዚቃውን መቼ እንደሚያቋርጥ፣ ተማሪ ስቴፑ ሲጠፋው ምን እንደሚል፣ የትኛውን ስህተት አይቶ እንዳላየ እንደሚያልፍ ተመልከቱ። በተለይ የመጨረሻውን። ሁሉንም ስህተት የሚያርም አስተማሪ ተማሪውን ያሸብረዋል።

ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ ይህን ሞክሩ። በጣም ቀላል የምትሉትን አንድ ስቴፕ ምረጡና ሰውነታችሁን ሳታንቀሳቅሱ፣ በአፍ ብቻ፣ ዳንስ ለማያውቅ ጓደኛችሁ አስረዱት። እሱ እናንተ ያላችሁትን ብቻ ያድርግ። ትስቃላችሁ፣ ከዚያ ትደነግጣላችሁ። ቶሎ የምትደርሱበት ነገር ክብደት ነው። ጀማሪ ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ እግር ተምታቶበት ሳይሆን ክብደቱን ስላላዛወረ ነው። ክብደቱ ቀኝ እግሩ ላይ እንዳለ ቀኙን አንሣ ብትሉት ማንሣት አይችልም፤ ወይ ይንገዳገዳል ወይ በተሳሳተው እግር ይሄዳል። «ቀኝ! ቀኝ!» እያላችሁ ብትጮሁም ለውጥ የለውም። «ግራው ላይ ሙሉ በሙሉ ቁም፣ ቀኙ ባዶ ይሁን» ስትሉት ግን እግሩ ራሱ መንገዱን ያገኛል።

ቀጥሎ ቆጠራ። አብዛኛው ለዳንስ የምንጠቀምበት ሙዚቃ በአራት ምት የሚሄድ ስለሆነ ዳንሰኛ ሁለቱን አጣምሮ በስምንት ይቆጥራል። ዋልትዝ ከሆነ በሦስት ነው። ሳልሳ በስምንት ተቆጥሮ በተለመደው አጨፋፈር በ1፣ 2፣ 3 እና በ5፣ 6፣ 7 ላይ ይረገጣል፣ 4 እና 8 ላይ አዲስ እርምጃ የለም። ይህ ለእናንተ ደማችሁ ውስጥ ያለ ነገር ነው፤ ለጀማሪ ግን አዲስ ቋንቋ ነው። እናም መጀመሪያ ያጨብጭቡት፣ ከዚያ ባሉበት ይርገጡት፣ ስቴፑ ከዚያ ይመጣል።

አንዱን ስምንት፣ ማለትም በአንድ የስምንት ቆጠራ የሚያልቀውን ክፍል፣ አስተምሩ። ያለ ሙዚቃ፣ በቀስታ፣ እየቆጠራችሁ። ደጋግሙት። ሁለተኛውን ስምንት ጨምሩና ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አያይዙ፤ ሁለተኛውን ለብቻው ብቻ ካለማመዳችሁ መገናኛው ላይ ሁሉም ይወድቃል። ለጀማሪዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት ስምንት፣ ማለትም 32 ቆጠራ፣ ከበቂ በላይ ነው። ሁለት ብቻ ቢይዙም ችግር የለም። ሙዚቃውን ስታስገቡ በቀጥታ በሙሉ ፍጥነት አታድርጉት። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ሳይቀይሩ ፍጥነቱን ብቻ የሚቀንሱ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ። በ75 ከመቶ ጀምሩ፣ ሲረጋጉ ከፍ አድርጉት።

ስትቆጥሩ ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ። «ዙር!» የሚለውን ቃል መዞሪያው ምት ላይ ካላችሁት አርፍዳችኋል፣ ተማሪው ሰምቶ እስኪያስብ ምቱ አልፏል። 7 እና 8 ላይ «አሁን ዙር» በሉ፣ 1 ላይ ይዞራሉ። ለብቻችሁ ካልተለማመዳችሁት ይከብዳል፤ እግራችሁ አንድ ነገር ሲሠራ አፋችሁ ቀጣዩን መናገር አለበት። (በነገራችን ላይ ሙዚቃው ሲፈጥን «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት» ማለት ምላስ ያስራል። ቁጥሩን ትታችሁ «ታ ታ ታም» ብትሉ ማንም አይከሳችሁም።)

አቋቋማችሁ ሌላ ጣጣ ነው። ጀርባችሁን ስትሰጧቸው ቀኛችሁ ቀኛቸው ስለሆነ ለእነሱ መከተል ይቀላል፣ ግን በደንብ አታዩአቸውም። ፊት ለፊት ከቆማችሁ ታዩአቸዋላችሁ፣ ነገር ግን እንደ መስታወት መሆን አለባችሁ፤ አፋችሁ «ቀኝ» እያለ ግራ እግራችሁን ታነሣላችሁ ማለት ነው። ጭንቅላት ያዞራል። ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ተለማመዱት፣ ይመጣል። አዲስ ነገር ስታሳዩ ጀርባ፣ ሲደግሙ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ሲይዙት ደግሞ ጨርሶ ከፊታቸው ጥፉና በመካከላቸው ተዘዋወሩ። መስመሩንም ቀያይሩ። ኋላ የሚቆመው ሰው ሁልጊዜ ኋላ ነው፣ የሚያፍርም እሱ ነው፣ የሚያየው ደግሞ የሌላ ሰው ጀርባ ብቻ ነው። በየጊዜው «የፊቱ መስመር ወደ ኋላ» ብትሉ መፍትሔው ቀላል ነው።

እርማት ስትሰጡ በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ። መጀመሪያ ለሁሉም ተናገሩ፣ ችግሩ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን ያውቃል። «ትከሻህን አታንሣ» ከማለት «ትከሻህን ልቀቀው» ይሻላል፣ ምን እንደሚያደርግ ነግራችሁታል። ሁሌ «በጣም ጎበዝ» አትበሉ፤ ከሦስተኛው በኋላ ማንም አያምናችሁም። «አሁን ክብደትሽን በደንብ አዛወርሽ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን ተማሪዋ ቤቷ ይዛት ትሄዳለች። በእጅ ነክታችሁ ልታስተካክሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የለመዳችሁትን ሰውም ቢሆን።

ሰውነት ላይ ቀልድ የለም። ከመጀመራችሁ በፊት የታመመ ጉልበት፣ የተጎዳ ወገብ ያለው ሰው እንዳለ ጠይቁ። 10 ደቂቃ ያህል ሰውነት ማሟሟቅ ይኑር፤ መራመድ፣ እጅና እግር ማወዛወዝ፣ ቁርጭምጭሚት ማዞር፣ ቀስ በቀስ ላብ እስኪጀምር። ጡንቻን ለረጅም ጊዜ ወጥሮ መያዝን ለመጨረሻ አቆዩት። ጉልበታቸውን ሲያጥፉ ጉልበቱ የእግር ጣቶች ወደሚያመለክቱበት አቅጣጫ ይሂድ፣ ወደ ውስጥ አይውደቅ። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ዝላይ ቀንሱ፣ ቅልጥምና ጉልበት ይጎዳል። ልጆች የምታስተምሩ ከሆነ ከ3 እስከ 5 ዓመት ላሉት ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃል። በፍጥነት በሚያድጉበት ዕድሜ አጥንቱ ቀድሞ ስለሚረዝም ሰውነታቸው ይደርቃል፤ እግራቸው እንዲከፈት ተጭናችሁ እንዳትገፏቸው። እውነተኛ ሕመም የሚሰማውን ሰው «ቻለው» አትበሉት።

የቀረው ዝርዝር ነው። ሙዚቃችሁን አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ኔትወርክ አትመኑ። ስልካችሁ በክላሱ መሃል እንዳይጠራ አድርጉ። ክፍያውን፣ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን፣ ክላስ ሲሰረዝ ገንዘብ ይመለስ አይመለስ በጽሑፍ አስቀምጡ፤ በቃል ከሆነ ትጣላላችሁ። በብዙ አገሮች በክላስ ውስጥ ሙዚቃ ለማጫወት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የእናንተን አገር ሕግ አጣሩ።

በሁለተኛው ሳምንት ክላሱን እንዲህ ክፈቱት። ከተሟሟቁ በኋላ ያለፈውን ስምንት ያለ እናንተ እንዲሠሩት ጠይቁ። ሙዚቃውን ክፈቱ፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8 ብላችሁ ቁጠሩ፣ ጥግ ሂዱና እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ጠፍቷቸው የሚቆሙበትን ቦታ ልብ በሉ፣ የዛሬው ትምህርት ከዚያ ይጀምራል። እግራችሁ አብሮ ሊነሣ ይፈልጋል፣ ተቆጣጠሩት።