ደብሊን ውስጥ አስጎብኚ ይዞ የድሮ ፐቦችን መጎብኘት፦ እንዴት ይደረጋል?

ደብሊን ሄዶ ፐብ፣ ማለትም የአገሩን መጠጥ ቤት፣ ያጣ ሰው የለም። በየማዕዘኑ አለ። ብዙ እንግዳ ግን ቀጥታ ቴምፕል ባር ወደሚባለው ሰፈር ይነጉዳል። እዚያ ከመሰሉ ቱሪስት ጋር ይጋፋል፣ ለአንድ ቢራ ወደድ ያለ ዋጋ ይከፍላል፣ ጊታር የያዘ ሰው በማይክ ሲጮህ ሰምቶ ወደ ሆቴሉ ይመለሳል። መጥፎ ምሽት አይደለም። የአየርላንድ ፐብ ግን እሱ አይደለም።

የድሮው ፐብ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ቤት ነው። መጠጡ ሰበብ ነው። ስለዚህ ጉብኝቱም ስንት ቤት አዳረስን ተብሎ የሚቆጠርበት መሆን የለበትም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሦስት ቤት፣ በሦስት ሰዓት፣ ወንበር ይዞ፣ በቂ ነው። ስድስት ቤት አዞራችኋለሁ የሚል አስጎብኚ ካጋጠማችሁ እሱ ሩጫ እንጂ ጉብኝት እየሸጠላችሁ አይደለም።

ከታች የምጽፋቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ደግሞ በእኛ ናቸው።

መጀመሪያ ቪዛ

አየርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ናት፤ ሸንገን ውስጥ ግን የለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ ጀርመን ወይም ጣሊያን የምትኖሩ ከሆነ የሸንገን ቪዛ ብቻውን ደብሊን አያስገባችሁም። የአየርላንድ ቪዛ ለብቻው ይጠየቃል። የአሜሪካ ግሪን ካርድም አይተካውም። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ግን ለጉብኝት ያለ ቪዛ ይገባል።

ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጀምሩ። በዚያን ሰዓት ቤቶቹ ጸጥ ይላሉ፣ ባርማኑም ለወሬ ጊዜ አለው። ዓርብ ማታ ሠራተኛው ሁሉ ከቢሮ ወጥቶ ባንኮኒውን ስለሚከብ አስጎብኚያችሁ የሚለውን እንኳ አትሰሙም። ክሮክ ፓርክ ወይም አቪቫ ስታዲየም ትልቅ ጨዋታ ያለበትን ቀን ሽሹት። ማርች 17፣ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን፣ ለጭፈራ ጥሩ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ጉብኝት ግን ከዓመቱ ቀኖች ሁሉ የማይሆነው እሱ ነው። በፈረንጆች ገና ዕለት ፐብ በሕግ ዝግ ነው። ስቅለትም ከ1927 ጀምሮ እንዲሁ ነበር፤ ያ ክልከላ የተነሳው በ2018 ነው።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ከ18 ዓመት በታች ያሉት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ፐብ ውስጥ መቆየት አይችሉም። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ባለው ጊዜ እስከ 4 ሰዓት ይፈቀዳል።

አስጎብኚውን ስትቀጥሩ ጠይቁት

የአገሪቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ፎልቻ አየርላንድ ይባላል። የእሱን ሥልጠና ወስደው ዕውቅና ያገኙ አስጎብኚዎች ስላሉ ከእነሱ መጀመር ይቀላል። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በቡድን? መጠጥ ይጨምራል ወይስ እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት? ብዙ ጊዜ መጠጡ ለብቻ ነው፤ ይህን ሳይጠይቁ ቀብድ መክፈል ኋላ ላይ ያነታርካል። ሌላ ቡድን ይቀላቀላል ወይ? ብንቀርስ ገንዘቡ ይመለሳል?

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «የትኛውን ታዋቂ ፐብ ትተዋለህ? ለምን?» ቤቶቹን የሚያውቅ ሰው ሳያስብ ይመልሳል። «ሁሉም ጥሩ ናቸው» ካላችሁ ሌላ ፈልጉ።

የምትወዱትንም ንገሩት። ታሪክ ነው? ሙዚቃ ነው? ውስኪ ነው? ከመካከላችሁ የማይጠጣ ካለም አስቀድሞ ይወቅ። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁና የግል አስጎብኚ ከከበዳችሁ፣ ተዋንያን ወይም ሙዚቀኞች የሚመሯቸው የጋራ ጉብኝቶችም ደብሊን ውስጥ አሉ። ደህና ናቸው፤ ከሃያ ሰው ጋር መዞርን ከቻላችሁ።

ሦስቱን ቤቶች ምረጡ

እኔ የምመክረው በእግር የሚያልቅ መንገድ ነው።

ከሎንግ ሆል ጀምሩ፣ ሳውዝ ግሬት ጆርጅስ ስትሪት ላይ። ፈቃዱ ከ1766 ጀምሮ የነበረ ነው፤ አሁን የምታዩት የውስጥ ሥራ ግን በ1881 የተሠራ ነው። ቀይ ቀለም፣ የተቀረጸ እንጨት፣ መስታወት በመስታወት። ከፀሐይ ስትገቡ ዓይናችሁ እስኪለምድ ትንሽ ትቆማላችሁ።

ከዚያ በጥቂት ደቂቃ ዴም ኮርት የሚባለው ጠባብ መንገድ ውስጥ ስታግስ ሄድን ታገኙታላችሁ። በ1895 እንደ አዲስ የተገነባ ነው። ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለ እውነተኛ የአጋዘን ራስ አለ፣ ስሙም ከዚያ ነው። ባለቀለም የመስኮት መስታወቱን ለማየት በቀን ብርሃን መግባት ያስፈልጋል። ለዚህም ነው ከ9 ሰዓት ጀምሩ ያልኩት።

ሦስተኛው ላይ ምርጫ አላችሁ። ፍሊት ስትሪት ላይ ያለው ፓላስ ባር በ1823 የተከፈተ ነው፤ የአይሪሽ ታይምስ ጋዜጠኞች ከአዘጋጃቸው ጋር የሚከትሙበት ቤት ነበር። ውስኪ ለሚወድ እሱ ይሻላል። ፑልቤግ ስትሪት ላይ ያለው ሙሊጋንስ ደግሞ ምንም ጌጥ የለውም ማለት ይቻላል። እዚያው ቦታ ላይ ከ1854 ጀምሮ አለ። አንድ አሜሪካዊ ደንበኛ ከሞተ በኋላ አመዱ በቤቱ የቁም ሰዓት ውስጥ እንዲቀመጥ ተደርጓል፤ አስጎብኚያችሁ ካላሳያችሁ እናንተ ጠይቁት። እኔ ሙሊጋንስን እመርጣለሁ።

«የአገሪቱ ጥንታዊው ፐብ የቱ ነው?» የሚለው ጭቅጭቅ አያልቅም። ብሬዝን ሄድ ግድግዳው ላይ 1198 ብሎ ጽፏል፤ ሕንጻው ግን ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። አትሎን ከተማ ያለው ሾንስ ባር ደግሞ ወደ 900 ዓ.ም. ይጎትተዋል። አስጎብኚያችሁ እነዚህን ቁጥሮች እየሳቀ ከነገራችሁ ጥሩ ሰው ይዛችኋል።

ስናጉን አስያዙ

ስናግ ባንኮኒው ጥግ ላይ በእንጨት የተከለለች ትንሽ ክፍል ናት። በር አላት፣ ከውስጥ የምትዘጋ። መስታወቷ ውጭ ያለ ሰው እንዳያይ የደበዘዘ ነው። ወደ ባንኮኒው የምትከፈት ትንሽ መስኮት አለቻት፣ መጠጡ በዚያች ይገባል። ድሮ ሰው እንዳያያቸው የሚፈልጉ ሁሉ እዚያ ይቀመጡ ነበር፦ ቄሱ፣ ፖሊሱ፣ በተለይም ሴቶች። እስከ 1970ዎቹ ድረስ ብዙ ቤቶች ለሴት ሙሉ ፓይንት (ከግማሽ ሊትር ትንሽ የሚበልጠውን ትልቁን ብርጭቆ) አንቀዳም ይሉ ነበር፤ ግማሽ ብርጭቆ ብቻ።

ባጎት ስትሪት ላይ ያለው ቶነርስ ደስ የሚል ስናግ አለው፤ ሳውዝ አን ስትሪት ያለው ኪሆስም እንዲሁ። አራት ወይም አምስት ሰው ከሆናችሁ አስጎብኚው አስቀድሞ ደውሎ እንዲያስይዝላችሁ ጠይቁት። የግል ጉብኝት ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። ሃያ ሰው ስናግ ውስጥ አይገባም።

ፓይንቱን ጠብቁት

ጊነስ የሚባለውን የአየርላንድ ጥቁር ቢራ ካዘዛችሁ አትቸኩሉ። ባርማኑ ብርጭቆውን 45 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ሦስት አራተኛ ይሞላና ባንኮኒው ላይ ትቶት ይሄዳል። ረስቶት አይደለም። ውስጡ ቡናማ ደመና ይተራመሳል፤ አረፋው በብርጭቆው ጠርዝ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ወደ ታች ሲወርድ ታያላችሁ። የሊመሪክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ሰዎች በ2012 ምክንያቱን አስረድተዋል። ብርጭቆው ከላይ ሰፋ ስለሚል መሐሉ ላይ ያለው አረፋ ወደ ላይ ይነዳል፣ ጠርዝ ላይ ያለው ፈሳሽ ደግሞ ወደ ታች ይመለሳል። ሲረጋ ከታች ጥቁር፣ ከላይ ነጭ ይሆናል። ያኔ ባርማኑ ተመልሶ ቀሪውን ይሞላዋል። ኩባንያው ይህ ሁሉ 119.5 ሰከንድ ይፈጃል ይላል። ባርማኑ ሰዓት ሲይዝ ግን አታዩትም።

አንድ ፓይንት 568 ሚሊ ሊትር ነው። የረቂቋ አረፋ ምስጢር ናይትሮጅን ሲሆን፣ አልኮሉ 4.2 በመቶ ብቻ ነው። ጥቁር ስለሆነ ከባድ የሚመስላቸው አሉ፤ ከብዙ የአገራችን ቢራ ይቀላል። በነገራችን ላይ ጊነስን የያዘው ዲያጆ የሚባለው ኩባንያ በ2012 ሜታ አቦን ገዝቶ ለአሥር ዓመት ያህል የሰበታው ጠማቂ እሱ ነበር።

ውስኪ የሚመርጥ «ፖት ስቲል» የሚባለውን ይጠይቅ፤ የአየርላንድ የራሷ አሠራር ነው። አንድ መለኪያ 35.5 ሚሊ ሊትር ነው። ከጎን ትንሽ ውኃ ቢጠይቅ ማንም አይታዘበውም።

ዙሩን እወቁበት

እኛ ዘንድ ሒሳብ ሲመጣ «እኔ ነኝ የምከፍለው» ተብሎ እጅ ለእጅ ይያያዛል። እዚያ ጠቡ የለም፤ ተራ አለ። አንዱ ለሁሉም ይገዛል፣ ቀጥሎ ሌላው። ተራው ሲደርስ ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው አይረሳም።

ችግሩ አራት ሰው ማለት አራት ዙር ማለት መሆኑ ነው። ያን ያህል መጠጣት የማትፈልጉ ከሆነ ከመጀመሪያው ዙር በፊት «እኔ የራሴን እገዛለሁ» በሉ። ያኔ ነውር የለውም። መሐል ላይ ማቋረጥ ነው የሚያስቀይመው። ወይም ከሁለተኛው በኋላ ወደ ግማሽ ብርጭቆ ወይም ወደ አልኮል አልባው ጊነስ ዙሩ፤ አሁን በብዙ ቤት ይገኛል፣ ከሩቅ ሲያዩት አይለይም። አስጎብኚውንም ምን እንጋብዝህ በሉት። ሻይ ቢል አትገረሙ፣ ሥራ ላይ ነው።

ባንኮኒ ላይ ለሚቀዳ መጠጥ ጉርሻ አይጠበቅም። ለአስጎብኚው ግን ከወደዳችሁት መጨረሻ ላይ ጣል ማድረግ የተለመደ ነው።

ሙዚቃው ላይ አደብ ያዙ

ጥሩ ሙዚቃ ከፈለጋችሁ ከጉብኝቱ በኋላ ሉአስ የሚባለውን የከተማ ባቡር በቀዩ መስመር ይዛችሁ ስሚዝፊልድ ውረዱ፣ ኮብልስቶን የሚባለው ፐብ ቅርብ ነው። በ2021 ቤቱ ላይ ሆቴል ሊሠራበት ታቅዶ የከተማው ሕዝብና ሙዚቀኞች ሰልፍ ወጥተውበታል፤ የከተማው ምክር ቤትም ፈቃዱን ከልክሏል።

እዚያ ሴሽን የሚባለው ነገር መድረክ የለውም። ሙዚቀኞቹ አንድ ጠረጴዛ ከበው ለራሳቸው ይጫወታሉ፦ ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ አኮርዲዮን፣ ቦድራን የሚባል የእጅ ከበሮ፣ ዕድል ከቀናችሁም በክርን ወናፍ የሚነፋው ኢሊን ፓይፕ። አዝማሪ ቤት የለመደ ሰው ብር አውጥቶ ግንባር ላይ መለጠፍ ያምረዋል። እዚያ አይደረግም፣ ዘፈን ማዘዝም እንዲሁ። ባዶ የምትመስለው ወንበር የሙዚቀኛ ልትሆን ስለምትችል ሳትጠይቁ አትቀመጡ። ቪዲዮ ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱ። አንድ ሰው ያለ መሣሪያ ማንጎራጎር ከጀመረ ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል፤ ያኔ ብርጭቆ እንኳ ማንኳኳት ነውር ነው።

ስለ ምግብ

በባዶ ሆድ አትጀምሩ። ግን ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ አሳማ በየቦታው አለ። ኮድል የሚባለው የደብሊን ባህላዊ ወጥ የአሳማ ቋሊማና ቤከን ከድንች ጋር ነው። የተጠበሰው ሳንድዊችም ብዙ ጊዜ ሃም (የአሳማ ሥጋ) አለበት፤ በአይብና በሽንኩርት ብቻ አድርጉልኝ ማለት ይቻላል። በጊነስ የተሠራው የበሬ ሥጋ ወጥ ጥሩ ነው። ጾም ላይ ከሆናችሁ አማራጩ ያንሳል፤ ሾርባው ክሬም፣ ዳቦውም ወተት ሊኖረው ይችላል። በልታችሁ መሄድ ይሻላል።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ

ግላስኔቨን ሂዱ። ከትልቁ መቃብር አጠገብ ከ1833 ጀምሮ የቆመ የካቫና ቤት አለ፤ ሰው የሚያውቀው «መቃብር ቆፋሪዎቹ» በሚለው ስሙ ነው። ሙዚቃ የለም፣ ቴሌቪዥን የለም። ድሮ ቆፋሪዎቹ ግድግዳውን በአካፋ እያንኳኩ ያዝዙ ነበር ይባላል። ለዚህ ቤት አስጎብኚ አያስፈልግም።

ከደብሊን ውጭ ከሆነ ዲንግል ውስጥ ፎክሲ ጆንስ አንዱ ወገኑ ሚስማርና መዶሻ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ሌላው ወገን ባንኮኒ ነው። ቤልፋስት ያለው ክራውን ደግሞ አሥር ስናጎች ያሉት እንደ ቤተ መንግሥት ያጌጠ ቤት ነው። ግን ቤልፋስት በብሪታንያ ሥር ናት። ድንበሩ ላይ የሚያስቆም ባይኖርም የአየርላንድ ቪዛ ብቻ ይዞ መሻገር ሕገ ወጥ ነው።

ወደ ማረፊያችሁ ስትመለሱ መኪና አትንኩ። የመጨረሻው ትእዛዝ በአዘቦት ቀን ከሌሊቱ 5፡30፣ ዓርብና ቅዳሜ 6፡30 ላይ ነው፤ ከዚያ ብርጭቆውን ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይሰጣችኋል። ያኔ ሁሉም ሰው አብሮ ስለሚወጣ ታክሲ ለማግኘት ትንሽ ቀደም ማለት ያዋጣል።